ርካሽ መሣሪያና የሥዕል ትምህርት በጅቡቲ ከተማ

ለከተማይቱ ነዋሪዎችና ለሥራ ኃላፊዎች የተዘጋጀ ንግግር ሙሉ ቃል




የዛሬው ንግግር ስለ ሥዕል ትምህርት ነው። ስለ ወደብ፣ ስለ ውሃና ስለ መብራት መነጋገር በሚበዛበት ከተማ ስለ ሥዕል ማንሣት ትርፍ ነገር መስሎ የሚታየው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ሕፃን ፊደል ከመቍጠሩ በፊት ከሰል አንሥቶ በግድግዳ ላይ መስመር የሚያሠምር መሆኑን የማያውቅ ወላጅ የለም። ይህ ፍላጎት ከተፈጥሮ የተሰጠ ስለ ሆነ፤ የሚመራው ሰው ያገኘ እንደ ሆነ ወደ ጥበብ ያድጋል፤ የሚመራው ያጣ እንደ ሆነ ግን «ግድግዳ አበላሸህ» በሚል ቍጣ ታፍኖ ይቀራል። አናጢው፣ ግንበኛው፣ ልብስ ሰፊው፣ ብረት ሠሪውና የቤት ንድፍ አውጪው ሁሉ ሥራቸውን የሚጀምሩት በመስመር ነው። ስለዚህ የሥዕል ትምህርት የብዙ ሙያ መግቢያ በር ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፤ በዛሬው ዘመን ሥዕል ለማስተማር የሚያስፈልገው መሣሪያ እጅግ ረክሷል፤ ያልረከሰው የመምህሩ ጊዜና ልጆች የሚሰበሰቡበት ቦታ ነው። እንግዲህ አንድ ከተማ ሐሳቡንና ገንዘቡን በየትኛው ላይ ማዋል እንደሚገባው በየተራው ይገለጻል። የሚጠቀሱት ዓመታት፤ ሌላ ካልተባለ በቀር፤ ከተማይቱ በምትሠራበት በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ገመዱና ልጁ

ጅቡቲ መርከብ ብቻ የሚያርፍባት ከተማ አይደለችም። ከእስያ ወደ አውሮፓ የሚሄዱ፤ ከአፍሪካም ጠረፍ የሚመጡ ብዙ የመገናኛ ገመዶች በባሕር ወለል ላይ ተዘርግተው በከተማይቱ ዳርቻ ወደ የብስ ይወጣሉ። በ2010 አገልግሎት የጀመረው ኢሲ የተባለው ገመድ ጅቡቲን በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ አገናኝቷታል፤ በ2021 ሥራ የጀመረው ዳሬ 1 የተባለው ደግሞ ከሞምባሳ ጋራ አገናኝቷታል። እንግዲህ በአውሮፓ ያለ ሰው ለእስያ ወዳጁ የሚልከው ሥዕል፤ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ በዚች ከተማ እግር ሥር አልፎ ሊሄድ ይችላል።

ይሁን እንጂ ገመድ በደጅ አለፈ ማለት ወደ ቤት ገባ ማለት አይደለም። በባልባላ በአንድ የቈርቈሮ ቤት ውስጥ የሚገኘው የእጅ ስልክ ብዙ ጊዜ የእናት ወይም የታላቅ ወንድም ነው፤ የሚሞላውም የኢንተርኔት ሒሳብ ለሥራ ጉዳይና ከዘመድ ጋራ ለመገናኘት እንኳ በቍጠባ የሚያዝ ነው። ልጁ ስልኩን የሚያገኘው ማታ ለጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያችም ደቂቃ የሚያየው ሥዕል ከጨዋታና ከቀልድ ጋራ ተቀላቅሎ፤ በአውራ ጣት እየተገፋ ያልፋል። አይቶ ያልጨረሰውን ነገር ደግሞ ሊሥለው አይችልም።

በዚያው ከተማ አባቱ ደኅና ደመወዝ ያለው ሌላ ልጅ አለ። የራሱ ታብሌት፣ የማይቋረጥ መስመርና የቀለም ሣጥን አለው፤ ከፈለገም የግል አስተማሪ ይቀጠርለታል። የሁለቱ ልጆች ተሰጥዎ እኩል ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያው ይበልጥ ይሆናል። ነገር ግን ከዐሥር ዓመት በኋላ ሠዓሊ፣ ንድፍ አውጪ ወይም የማስታወቂያ ሥራ ባለሙያ ሆኖ የሚገኘው ማን እንደሚሆን ለመገመት አያስቸግርም። በአንድ ከተማ የልጅ ዕድል በስልክ ሒሳብ ሲወሰን፤ ጉዳዩ የአንድ ቤተሰብ መሆኑ ቀርቶ የሕዝብ ይሆናል።

ከሩቅ የመጣ ሥዕል

በሩቅ አገር የተሠራ ሥዕል ለትምህርት መዋሉ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። በ1590 እና በ1591 በሮማ ከተማ በሜዲቺ ማተሚያ ቤት አራቱ ወንጌላት በዐረብኛ ቋንቋ ታተሙ። መጽሐፉ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸው፤ በእንጨት ላይ ተቀርጸው የታተሙ ብዙ ሥዕሎች ነበሩበት። ይህ መጽሐፍ ወደ ኢትዮጵያ ደርሶ፤ በጎንደር ዘመን የነበሩ ሠዓልያን ሥዕሎቹን እየተመለከቱ ለብራና መጻሕፍት ሥዕል ምሳሌ አድርገዋቸዋል። እንዲሁም በሮማ በሳንታ ማርያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለው የድንግል ማርያም ሥዕል፤ ቅጂው በኢየሱሳውያን እጅ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ፤ በብዙ ሠዓልያን እጅ ደጋግሞ ተሥሏል።

በዚያ የዐረብኛ መጽሐፍ ያሉት ሥዕሎች ጥቁር ቀለም በወረቀት ላይ ብቻ ነበሩ። የጎንደር ሠዓሊ ግን እንደ ታተሙት አድርጎ አልተዋቸውም፤ ቀዩን፣ ቢጫውንና ሰማያዊውን ከራሱ ጨመረ፤ ፊቱንና ልብሱንም በአገሩ የሥዕል ሥርዓት አደረገው። ከዚህም የተነሣ ዛሬ ያን ሥዕል የሚያይ ሰው የጎንደር ነው ይላል እንጂ የሮማ ነው አይልም።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የታተመው ወረቀት በዘመኑ አዲስ ጥበብ ነበረ፤ ከሩቅም መጣ። ነገር ግን ወረቀቱ ብቻውን ማንንም ሠዓሊ አላደረገም። ሠዓሊው አስቀድሞ ከመምህሩ ሥር ተቀምጦ ቀለም መበጥበጥን፤ ንድፍ ማውጣትንና መስመር መሳብን ተምሮ ስለ ነበረ፤ የሩቁን ሥዕል ሲያገኝ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር። የዛሬው የእጅ ስልክ የዚያ ወረቀት ታናሽ ወንድም ነው። የሚያስፈልገውም ያው የቀድሞው ነገር ነው፤ ይኸውም የሠለጠነ እጅና የሚመራ መምህር።

በኋለኛውም ዘመን ቢሆን ነገሩ እንዲሁ ነው። አለ ፈለገ ሰላም ኅሩይ በአሜሪካ አገር በቺካጎ የሥነ ጥበብ ትምህርት ተምረው ከተመለሱ በኋላ፤ በ1950 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ይህ ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያንም ከውጭ አገር ትምህርታቸው ተመልሰው በዚያ አስተምረዋል። ከሩቅ አገር ያዩትን በሣጥን ዘግተው አላስቀመጡትም፤ በክፍል ውስጥ ቆመው ለወጣቶች አካፈሉት።

በጅቡቲም የሥነ ጥበብ ተቋም፣ የፈረንሳይ የባህል ተቋምና ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት መኖራቸው መልካም መሠረት ነው። ሆኖም ሁለት ሦስት ቤቶች የአንድን ሙሉ ከተማ ልጆች ሊይዙ አይችሉም። ርካሹ መሣሪያ የሚጠቅመው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፤ በማዕከል ያለውን ትምህርት ወደ ሰፈር ያወርዳል።

ያለ ዋጋ የተከፈቱ ግምጃ ቤቶች

ዛሬ በዓለም የታወቁ ትላልቅ ሙዚየሞች የሥዕሎቻቸውን ምስል ለሕዝብ ከፍተዋል። በአምስተርዳም የሚገኘው ራይክስሙዚየም በ2012፤ ማንም ሰው ምስሎቹን ወስዶ እንዲሠራባቸው በኢንተርኔት ላይ አቀረበ። በኒው ዮርክ ያለው የሜትሮፖሊታን ሙዚየም በ2017 ከ375,000 የሚበልጡ ምስሎችን፤ በዋሽንግተን ያለው የስሚዝሶኒያን ተቋም በ2020 ዓ.ም. 2.8 ሚሊዮን ያህል ምስሎችን ያለ ዋጋና ያለ ፈቃድ ጥያቄ ለዓለም ሰጡ።

የኢትዮጵያ ሥዕልም በዚህ ረገድ አልተረሳም። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቈጠሩ መጻሕፍትን በፎቶግራፍ አንሥቷል፤ የዚህም ሥራ ቅጂዎች በአሜሪካ በሚኔሶታ ክፍለ ሀገር በኮሌጅቪል ተጠብቀው፤ ብዙዎቹ ዛሬ በኢንተርኔት ይታያሉ። በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው መዝገበ ሥዕላት የተባለው ስብስብ ደግሞ፤ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉ ሥዕሎችን ፎቶግራፍ በአንድነት ይዟል። የብሪታንያ ሙዚየምም 25,000 ያህል የአፍሪካ የዋሻና የድንጋይ ሥዕሎች ምስል መዝግቧል። በእንጦጦ ወይም በላሊበላ ያልተወለደ፤ ወደዚያም ለመሄድ ገንዘብ የሌለው የጅቡቲ ልጅ እነዚህን ሁሉ ተቀምጦ ሊያያቸው ይችላል፤ የሚያሳየው ካገኘ።

ርካሽነቱ በሒሳብ ሲታይ

ኢንተርኔት ውድ ነው ተብሎ ሥራው የሚቀርበት ምክንያት የለም። ምክንያቱም አንድ ምስል አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ሺህ ጊዜ ቢታይ ሌላ ሒሳብ አይጠይቅም። 32 ጊጋባይት በሚይዝ አንድ ሜሞሪ ካርድ ላይ፤ እያንዳንዱ ምስል 2 ሜጋባይት ቢሆን፤ 16,000 ያህል ምስሎች ይገባሉ። ይህ ከጥፍር የማይበልጥ ካርድ አንድ መምህር በሕይወቱ ሙሉ ሊያስተምርበት ከሚችለው በላይ ነው። የሚያስፈልገው አንድ ሰው መልካም መስመር ባለበት ቦታ አንድ ቀን ተቀምጦ፤ ለትምህርት የሚሆነውን መርጦ መጫን ብቻ ነው።

ለብዙ ልጆች በአንድ ጊዜ ለማዳረስ ደግሞ ትንሽ ኮምፒዩተር ይበቃል። በ2012 ለሽያጭ የቀረበው ራስበሪ ፓይ የተባለው፤ በመዳፍ የሚያዝ ኮምፒዩተር በመጀመሪያ ዋጋው 35 ዶላር ነበረ፤ አንድ ዶላር በ177.721 የጅቡቲ ፍራንክ ሲመነዘር 6,220 ፍራንክ ያህል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ዋጋው እንደ ዐይነቱ ከፍም ዝቅም ብሏል። በዚህ ኮምፒዩተር ላይ ኪዊክስ ወይም ኮሊብሪ የተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ቢጫኑ፤ ትምህርቱ ሁሉ በውስጡ ተቀምጦ፤ በክፍሉ ውስጥ ላሉት ስልኮች በዋይፋይ ይታደላል። ልጁ የሚያየው ነገር ከዚያችው ሣጥን ስለሚመጣለት፤ ከእናቱ ሒሳብ አንድ ፍራንክ እንኳ አይቀነስም። የሚፈጀውም የኤሌክትሪክ ኃይል ከአንዲት ትንሽ አምፖል ብዙም ስለማይበልጥ፤ በበጋው ሙቀት መብራት ቢቋረጥ አስቀድሞ በተሞላ ፓወር ባንክ ሥራው ሊቀጥል ይችላል።

ስልክ የሌለው ልጅ ቢኖርም መንገድ አይጠፋም። በየሰፈሩ ቴሌቪዥን አለ፤ ከቴሌቪዥኖቹም ብዙዎቹ ፍላሽ የሚሰካባቸው ናቸው። አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ፍላሽ ለአርባ ልጆች ይበቃሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው። በየልጁ እጅ አንዳንድ ታብሌት ለማስያዝ የሚፈልግ ዕቅድ ለማንም ከተማ ሸክም ነው፤ የአንድ ሰፈር ልጆች የሚጋሩት አንድ ሣጥን ግን ጌጥ ይሆናል።

የመሣያውም ዕቃ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። ከወደብ የሚወጣው ዕቃ የተጠቀለለበት ካርቶን፤ ታጥቦ የተቀደደ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት፤ ከሰልና ጠመኔ በየሰፈሩ ይገኛሉ። ቡናማው የከረጢት ወረቀት ለመማሪያ ከነጩ ይልቅ የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ ከሰሉ ጥላውን፤ ነጩ ጠመኔ ብርሃኑን፤ ወረቀቱ ራሱ የሁለቱን መካከል ስለሚሰጥ፤ ልጁ ብርሃንና ጥላን በቶሎ ይለያል።

የአንዲት ሰዓት አካሄድ

መሣሪያው ከተገኘ በኋላ ሥራው እንዴት ይካሄዳል ለሚል ጠያቂ፤ የአንዲት ሰዓት አካሄድ ከዚህ ቀጥሎ በምሳሌነት ይቀርባል።

በመጀመሪያ አንድ ሥዕል ብቻ በቴሌቪዥኑ ላይ ይታያል። ሁለት አይሆንም። ልጆቹ ለዐሥር ደቂቃ ዝም ብለው ይመለከታሉ፤ መምህሩም ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፤ ሠዓሊው ዐይንን በመጀመሪያ ወዴት እንደሚመራ ይጠይቃቸዋል። ቀጥሎ ቴሌቪዥኑ ይዘጋል፤ ልጆቹም ያስታወሱትን በአምስት ደቂቃ ውስጥ በከሰል ያሠፍራሉ። የማየት ትምህርት የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ ያላስተዋለው ነገር በወረቀቱ ላይ ባዶ ሆኖ ይታየዋልና።

ከዚያ በኋላ በእውነተኛ ዕቃ ፊት ይቀመጣሉ። ዕቃው ጀበና፣ የውሃ ጀሪካን፣ ከገበያ የመጣ ዓሣ ወይም የተጠቀለለ ሰሌን ሊሆን ይችላል። ሠላሳ ደቂቃ ይሥላሉ። በዚህ ጊዜ ማንም ስልክ አይነካም።

በመጨረሻም የእጅ ስልኩ ተመልሶ ይመጣል፤ አሁን ግን የሚመጣው እንደ ረዳት ነው። መምህሩ ዕቃውንና የልጁን ሥዕል ፎቶግራፍ አንሥቶ ሁለቱን ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጣቸዋል። ቀለም ሲጠፋ ብርሃንና ጥላ ብቻ ስለሚቀሩ፤ ልጁ ጥላውን እንዳሳነሰ ወይም እንዳበዛ በገዛ ዐይኑ ያያል። ፎቶግራፉ ግራና ቀኙ ቢገለበጥ ደግሞ የተጣመመው መስመር ወዲያው ይጋለጣል። መምህሩ «ተሳስተሃል» ከሚለው ይልቅ ልጁ ራሱ «ይህ ጎን ወድቋል» ብሎ ቢያገኘው ትምህርቱ ይጸናል።

ስልኩ ሌላም ጥቅም አለው። መምህሩ ሲሥል ከበላዩ በመደርደሪያ ላይ ተደግፎ ቢቀርጽ፤ በኋላ ወንበር ያለው ልጅ ከፊት እንደ ተቀመጠው ልጅ አድርጎ የመምህሩን እጅ ያያል። የተቀረጸው ፊልም ለሌላ ሰፈር መምህር በፍላሽ ሊሰጥ ይችላል። በዚች ከተማ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛ፣ ፈረንሳይኛና አማርኛ ሲነገር የሚውል ስለ ሆነ ይህ ነገር ትልቅ ዋጋ አለው፤ በኢንተርኔት የሚገኘው ትምህርት አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ መስመር የሚስብ እጅ ግን አስተርጓሚ አያሻውም።

መጠንቀቅ የሚያሻቸው ነገሮች

ርካሽ መሣሪያ ጥቅም እንዳለው ሁሉ ማሳሳቻም አለው። አንደኛው መጠንን ማጥፋቱ ነው። አፈወርቅ ተክሌ በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት የመስተዋት ሥዕል በድምሩ 150 ካሬ ሜትር ነው፤ በእጅ ስልክ ላይ ግን ከመዳፍ አይበልጥም። ልጁ ይህን ሳያውቅ ቢቀር የሥራውን ግርማ አይረዳም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ መምህሩ ልጆቹን ወደ ሜዳ አውጥቶ በጠመኔ ወይም በገመድ 10 ሜትር በ15 ሜትር ይለካላቸው፤ በመካከሉም ያቁማቸው። ከዚያ በኋላ ወደ ስልኩ ሲመለሱ በሌላ ዐይን ያዩታል።

ሁለተኛው ቀለም ነው። ስልክ ብርሃን እየረጨ ያሳያል፤ የተቀባ ቀለም ግን በላዩ የወደቀውን ብርሃን መልሶ ይሰጣል። ስለዚህ በስልክ ላይ የታየውን ሰማያዊ በውሃ ቀለም አገኛለሁ ብሎ የሚደክም ልጅ ጥፋቱ የእጁ አለመሆኑ ሊነገረው ይገባል።

ሦስተኛው የሰው መብት ነው። በሙዚየሞች በግልጽ የተለቀቁት ምስሎች ለሁሉ የተፈቀዱ ናቸው፤ በሕይወት ያለ ሠዓሊ ሥራ ግን በኢንተርኔት ስለ ተገኘ ብቻ የሚወሰድ አይደለም። ልጆች ይህን ከትንሽነታቸው ሊለምዱት ይገባል፤ ነገ የራሳቸው ሥራ ሲወሰድ የሚከራከሩት በዚሁ ነውና። እንዲሁም የልጆች ፊት ያለበት ፎቶግራፍ ያለ ወላጅ ፈቃድ ወደ ኢንተርኔት እንዳይወጣ ጥንቃቄ ያሻል።

አራተኛው የቤተሰብ እምነት ነው። የሰው መልክ እንዲሣል የማይወድ ቤተሰብ ቢኖር ልጁ ከክፍል ይቅር ማለት አይደለም። ሐረግ፣ ጌጣ ጌጥ፣ የፊደል አጣጣልና የሕንፃ ንድፍ ሁሉ ራሳቸውን የቻሉ ጥበቦች ናቸው። በ1906 የተሠራው የሐሙዲ መስጊድ በከተማይቱ መካከል ቆሞ ለዚህ ምስክር ነው፤ መስመርና ቅርጽ ለማስተማር ከእርሱ የተሻለ መጽሐፍ በቅርብ አይገኝም።

አቡርማና ሰሌኑ

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ነገር ቀርቷል። በጅቡቲ ሰሜን በታጁራ በኩል አቡርማ የሚባል ወጣ ገባ ስፍራ አለ። በዚያ ጥቁር ድንጋይ ላይ በሺህ በሚቈጠሩ ዓመታት በፊት የኖሩ ሰዎች ቀጭኔን፣ ሰጎንን፣ ሚዳቋንና ከብትን ቀርጸው ሄደዋል። ቀጭኔ ዛሬ በዚያ አገር የለም፤ ሥዕሉ ግን ምድሪቱ አንድ ጊዜ ለምለም እንደ ነበረች ይመሰክራል። ጅቡቲ ይህን ስፍራ በዓለም ቅርስነት እንዲመዘገብ ለዩኔስኮ ካቀረበቻቸው ስፍራዎች መካከል አስገብታዋለች። እነዚያ ሰዎች የነበራቸው መሣሪያ ድንጋይ ብቻ ነበረ። ከዚያ የረከሰ መሣሪያ አይገኝም፤ ሥራቸው ግን እስከ ዛሬ ይነበባል።

አሁን ግን የከተማይቱ ልጅ በስልኩ ላይ በፓሪስ ያለውን ሥዕል ከአቡርማ ቀጭኔ ይልቅ በቶሎ ያገኛል። ይህ የሚያሳዝን ነገር ነው። እንዲሁም የአፋር ሴቶች ከዘንባባ ቅጠል የሚሠሩት ሰሌን በየቤቱ ተነጥፎ ይረገጣል፤ በላዩ ያለው የቀለምና የመስመር አሰካክ ለሥዕል ትምህርት እንደሚሆን ግን የሚያስበው ሰው ጥቂት ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል የተባለው እውነት ነው።

ርካሹ መሣሪያ እዚህ ላይ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሊሠራ ይችላል፤ የሩቁን ወደ ቅርብ ማምጣት ብቻ ሳይሆን የቅርቡን ወደ ሩቅ መላክ ይቻላል። ታላላቅ ተማሪዎች ከመምህራቸውና ከአገሩ ሽማግሌዎች ጋራ ወደ አቡርማ ሄደው በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ ቢያነሡ፤ ከየአቅጣጫው የተነሡት ፎቶግራፎች በነፃ በሚገኙ ፕሮግራሞች ተገጣጥመው የድንጋዩን ሙሉ ቅርጽ ያሳያሉ። ብርሃን በጎን በሚወድቅበት በጠዋት ወይም በማታ ቢነሡ መስመሩ ጎልቶ ይወጣል። ነገር ግን መስመሩን በጠመኔ ማድመቅ፤ በውሃ ማራስ ወይም በወረቀት አሽቶ ማንሣት ቅርሱን ስለሚጐዳ ፈጽሞ ሊከለከል ይገባል። ሰሌን የምትሠራ እናትም በክፍሉ ውስጥ ተቀምጣ፤ እጅዋ እየተቀረጸ ብታስተምር፤ በዚያን ቀን የክፍሉ መምህር እርስዋ ናት።

ሊደረግ የሚገባው

ክቡራን አድማጮች፤ ከላይ የተነገረው ሁሉ በሥራ እንዲታይ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም።

1ኛ፤ በየሰፈሩ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ባዶ ከሚሆኑት ክፍሎች አንዱ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ለሥዕል ይከፈት፤ ቍልፉም በታወቀ ሰው እጅ ይሁን።

2ኛ፤ ለክፍሉ አንድ መምህር ይመደብ፤ የሚያስተምርበትም ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት ተቈጥሮ ይከፈለው። በጎ ፈቃድ ብቻውን ዓመት አይዘልቅም።

3ኛ፤ ሜሞሪ ካርድ፣ ትንሽ ኮምፒዩተር፣ ቴሌቪዥንና ፓወር ባንክ ያለበት አንድ ሣጥን ለየክፍሉ ይሰጥ። ካርዱም በዓመት ሁለት ጊዜ መስመር ባለበት መሥሪያ ቤት ይታደስ።

4ኛ፤ ከሣጥኑ ይዘት ከፊሉ የአገሩ ሥራ ይሁን፤ የአቡርማ፣ የሰሌን፣ የጀልባና የሕንፃ ምስል ከሙዚየሞቹ ምስል ጎን ይቀመጥ።

5ኛ፤ በዓመት አንድ ጊዜ የልጆቹ ሥራ ወላጅ ሁሉ ሊያየው በሚችል ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ግድግዳ አበላሸህ ተብሎ የተቈጣው ልጅ በዚያን ቀን ግድግዳ ይሰጠዋል።

በመጨረሻም የሥራው ሪፖርት ሲቀርብ የተገዛውን መሣሪያ ብዛት ከመናገር ይልቅ ልጆች የሣሉትን ወረቀት ብዛት ይናገር። መሣሪያ በሣጥኑ ሳለ አርጅቶ ይጣላል፤ በእጅ የገባ ጥበብ ግን ከልጁ ጋራ አድጎ፤ ነገ በአናጢነት፣ በግንበኝነት ወይም በሠዓሊነት ለከተማይቱ ይመለሳል። የባሕሩ ገመድ በከተማይቱ ደጅ ማለፉን አይተውም። ከእርሱ ጥቂቱን ወስዶ ለባልባላው ልጅ በከሰልና በካርቶን ማድረስ ግን የገመዱ ሥራ ሳይሆን የሰው ሥራ ነው፤ ለዚህም አንድ ክፍል፤ አንድ መምህርና በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ይበቃል።